ረድፍና ዓምድ፣ ዙርና መታጠፍ፦ የሰልፍ ቃላት ተደባለቁብኝ

አዲስ_ሰልፈኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሰልፍ ትምህርት የምታውቁ ካላችሁ እስኪ አንድ በሉኝ።

ሥልጠና የገባሁት በቅርቡ ነው። ቁመቴ ረዘም ስለሚል ከፊተኛው ረድፍ በቀኝ ጫፍ አቆሙኝ። አሰልጣኛችን «ሰልፉ የሚስተካከለው ባንቺ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በደንብ ማወቅ አለብኝ ብዬ ተነሥቻለሁ።

ተጠንቀቅና አሳርፍ አያስቸግሩኝም። የሚያምታታኝ ሌላ ነው። ረድፍ ማለት ጎን ለጎን ያለው ነው ወይስ ከኋላዬ ያለው? ቅድም ረድፍ ሲባል የነበረው ሰዉ ዞር ሲል ዓምድ ይባላል። ደግሞ «ወደ ቀኝ ዙር» ሲባልና ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ልዩነቱ ምንድን ነው? በሁለቱም መጨረሻ የምንሄደው ወደ ቀኝ ነው። ሌላው፣ እየሄድን ትእዛዝ ሲመጣ በየትኛው እግር ነው የሚፈጸመው? አንዱ እዚያው ይዞራል፣ ሌላው አንድ እርምጃ ጨምሮ ይዞራል፤ መሐል ላይ ትከሻ ለትከሻ እንጋጫለን።

አመሰግናለሁ።

—

ሃምሳ_አለቃ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ለዓመታት ምልምል ሳሠለጥን ኖሬአለሁ። የጠየቅሽው አብዛኛው ሰው ሳይገባው በዘፈቀደ የሚያልፈውን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዢ። የሰልፍ ቃል ሁሉ ሁለት ነገር ነው የሚነግርሽ፦ ማን እንደሚንቀሳቀስና መቼ እንደሚንቀሳቀስ። ቃሉን እንደ ግጥም ብትሸመድጂው ሜዳ ላይ ይጠፋብሻል። ማንና መቼ ብለሽ ከያዝሽው ግን አይጠፋም።

ረድፍና ዓምድ። ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ የቆሙት ረድፍ ናቸው። አንዱ ካንዱ ኋላ የቆሙት ዓምድ ናቸው። ሃያ አራት ሰው አለን እንበል። በሦስት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው ቆመዋል። ከፊት ሆኖ ለሚያያቸው ሰው ሰፊ ግንባር ናቸው። አሁን «ወደ ቀኝ ዙር!» ተባለ። ከቦታው የተነቃነቀ ሰው የለም፤ ሁሉም እዚያው ሆኖ ፊቱን አዞረ። ነገር ግን ቅድም ስምንት ሆነው ጎን ለጎን የነበሩት አሁን አንዱ የሌላውን ማጅራት ነው የሚያየው። ረድፉ ዓምድ ሆነ ማለት ነው። ሰልፉ ስፋቱ ሦስት፣ ርዝመቱ ስምንት ሆነ። ስለዚህ ስሙ ከሰዎቹ ጋር የተጣበቀ አይደለም። ፊት ወዴት ነው ብለሽ ነው የምትጠሪው። ተርታ የሚል አሰልጣኝም አለ፤ ያንቺ አሰልጣኝ የሚጠራበትን ያዢ፣ ነገሩ ያው ነው።

አንቺን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። በግንባር ስትቆሙ የቀኝ ጫፍ ነሽ። ወደ ቀኝ ስትዞሩ ደግሞ የዓምዱ ራስ ትሆኛለሽ። ከፊትሽ ማንም የለም። ሰልፍ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ የሚጀምረው እንዲህ ዞሮ ነው፤ የቀኝ ጫፉን ሰው መርጠው የሚያቆሙትም ለዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት ክፍተት አለ፣ እሱንም ለይተሽ ያዢ። አንዱ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ያለው ነው። ሌላው ከፊትሽ ካለው ሰው ጋር ያለው ነው። የጎኑ ክፍተት የሚለካው በክንድ ነው። በአሜሪካ ጦር ግራ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ይለካሉ። በእንግሊዝ ጦር ቀኝ ክንዳቸውን ነው የሚያነሡት። በሁለቱም ፊት ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ማስተካከሉም ከቀኝ ነው የሚነሣው። የቀኝ ጫፉ ሰው ብቻ ፊቱን አያዞርም። ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ያያል። ስለዚህ «ተስተካከል» ሲባል ሰው ሁሉ አንገቱን ሲያዞር አይተሽ አብረሽ እንዳትዞሪ። የሚያዩት አንቺን ነው፤ አንቺ ከተወዛወዝሽ መለኪያው ራሱ ተወዛወዘ።

አሁን ወደ ዙርና መታጠፍ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዙር ሲባል እያንዳንዱ ሰው በያለበት፣ በአንድ ቅጽበት ይዞራል። ሁሉም እኩል ያደርገዋል። ውጤቱ ከላይ እንዳልኩሽ ነው፤ ረድፉ ዓምድ፣ ዓምዱ ረድፍ ይሆናል።

ዓምድ ሲታጠፍ ግን ሁሉም እኩል አያደርገውም። ፊተኛዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይዞራሉ። ተከታዮቹ ቀጥ ብለው ይመጡና እዚያችው ቦታ ላይ ሲደርሱ ይዞራሉ። ሰልፉ ቅርጹን አይለውጥም። ሦስት ሆኖ የመጣው ሦስት ሆኖ ይሄዳል። እዚህ ላይ ምልምል የሚያጠፋው፣ ቦታው ሳይደርስ ማዕዘን ቆርጦ መዞር ነው። አንዱ ከቆረጠ ከኋላው ያለው ይከተለዋል፤ መጨረሻ ላይ ማዕዘኑ ጠፍቶ ሰልፉ እንደ ልቡ ይጠማዘዛል።

ሦስተኛው ረድፉ ሳይፈርስ እንደ በር ሲዞር ነው። የውስጠኛው ጫፍ ማጠፊያው ነው። የውጪው ጫፍ ዙሪያውን ይሄዳል። ለኔ ከሰልፍ ትምህርት ሁሉ ውቡ ይሄ ነው። ሰዉ ደግሞ የሚያበላሸው ይሄንኑ ነው፤ ምክንያቱም ከውጪ ያለው የቀደመ መስሎት ይሮጣል፣ ከውስጥ ያለው የዘገየ መስሎት ይቆማል።

በቁጥር ልንገርሽ። አምስት ሰዎች በአንድ ረድፍ አሉ፤ በያንዳንዳቸው መሐል አንድ ሜትር አለ እንበል። የውስጠኛው ሰው ባለበት እየረገጠ ቀስ እያለ ይዞራል። ሩብ ዙር ለመዞር የውጪው ጫፍ የሚሄደው ርቀት ከ6 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህ በተለመደው እርምጃ ስምንት እርምጃ ያህል ነው። ስለዚህ አምስቱም ስምንት እርምጃ ነው የሚረግጡት። ለውስጠኛው ቅርብ የሆነው ሰው በያንዳንዱ እርምጃ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። ቀጣዩ 39፣ ቀጥሎ ያለው 59፣ የመጨረሻው 79። አየሽ፣ ምቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእርምጃው ርዝመት ብቻ ነው። የሁሉም ግራ እግር በአንድ ጊዜ መሬት ይነካል። አንቺ የውጪ ጫፍ በሆንሽ ጊዜ ሙሉ እርምጃሽን ሂጂ፣ አትቸኩዪ። ውስጠኛ በሆንሽ ጊዜ ደግሞ አትቁሚ፣ እግርሽ ይርገጥ።

አሁን «መቼ» ወደሚለው። ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ማዘጋጃ ነው፦ «ወደ ቀኝ…»። ይሄን ስትሰሚ ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፣ ነገር ግን ጸጉርሽ እንኳን አይነቃነቅም። ሁለተኛው ማስፈጸሚያው ነው፦ «…ዙር!»። እግር የሚነሣው እሱ ላይ ነው። ጥሩ አዛዥ የመጀመሪያውን ሳብ አድርጎ ይለዋል፣ ሁለተኛውን አጭርና ቆራጥ ያደርገዋል። በመሐላቸው ያለችው ዝምታ ለሰልፈኛው የተሰጠች ጊዜ ናት። አሰልጣኝ ሆኜ አንድ ምልምል ገብቶታል ወይስ አልገባውም ብዬ የማየው በዚያች ዝምታ ነው። ያልገባው ሰው ትከሻው ቀድሞ ይዞራል።

በየትኛው እግር ነው ላልሽው፦ ስትሄዱ ማስፈጸሚያው የሚመጣው እግር መሬት ሲነካ ነው። በአሜሪካ ደንብ ወደ ቀኝ የሚያዞር ትእዛዝ ቀኝ እግር መሬት ሲነካ ይሰጣል። ሰልፈኛው በግራ እግሩ አንድ እርምጃ ይጨምርና በሱ ላይ ተሽከርክሮ ቀኝ እግሩን በአዲሱ አቅጣጫ ያወጣል። ለግራም እንዲሁ በግልባጩ ነው። ለምን አንድ እርምጃ ይጨመራል ብትዪ፣ ቃሉ ጆሮ ገብቶ እግር ላይ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። እና እዚያው ላይ የሚዞሩት ጓደኞችሽ ናቸው የቸኮሉት። አንድ እርምጃ የጨመረው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የእግሩ ነገር ከጦር ጦር ይለያያል፤ ቁም የሚለው በአሜሪካ በሁለቱም እግር ይሰጣል። የአሰልጣኝሽን እግር ተመልከቺ፣ አብሯችሁ የሚረግጠው ለዚህ ነው።

ከቆመበት ሲነሣ ግን ክርክር የለም። በግራ ነው የሚጀመረው።

ቀኝ ኋላ ዙር አልጠየቅሽም፣ ግን ልጨምርልሽ። የቀኝ እግር ጣት ከግራ ተረከዝ ጀርባ ግማሽ ጫማ ያህል ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያርፋል። ከዚያ በግራ ተረከዝና በቀኝ ጣት ላይ ወደ ቀኝ መዞር ነው። ይህ የአሜሪካኖቹ ነው። ብዙ ሰው የሚንገዳገደው ጣቱን ሩቅ አስቀምጦ ነው። በሩሲያ ጦር በግራ በኩል ነው የሚዞሩት። ስለዚህ በቪዲዮ አይተሽ ከመለማመድሽ በፊት የማን ጦር እንደሆነ እይ።

—

ባለ_ከበሮ፦

ሃምሳ አለቃ ሁሉንም ብለውታል። እኔ ከማርሽ ባንድ በኩል ስለ ምት ልጨምር፤ እነዚህን ቃላትም ትሰሚያቸዋለሽና።

ፈጣን እርምጃ የሚባለው በብዙ ጦር በደቂቃ 120 እርምጃ አካባቢ ነው። በአሜሪካ ደንብ አንድ እርምጃ 30 ኢንች ነው፣ ማለትም 76 ሴንቲ ሜትር። በደቂቃ 91 ሜትር ያህል ትሄጃለሽ ማለት ነው። ሩጫው 180 ነው። የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ደግሞ በደቂቃ 88 ነው የሚሄደው፤ በሰልፍ ትርኢት ላይ ከሌላው ክፍል ተለይቶ የሚታየውም ለዚህ ነው። ባለህበት እርገጥም ምቱ ያው ነው፣ እግር ወደፊት አይሄድም እንጂ። አሜሪካኖቹ እግራቸውን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያነሣሉ። እንግሊዞች ጭናቸው ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን ያነሣሉ።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። በደቂቃ 120 ከሄድሽ አንድ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ከከበሮው 170 ሜትር የራቀ ሰው ምቱን የሚሰማው አንድ ሙሉ እርምጃ ዘግይቶ ነው። እኛ ግራ ስንመታ እሱ የሚሰማው የቀኙን ነው! በ85 ሜትር ርቀት እንኳን በግማሽ እርምጃ ይዛነፋል። ረጅም ሰልፍ ከላይ ሆነሽ ብታዪው እግሮቹ ከፊት ወደ ኋላ እንደ ሞገድ ሲሄዱ ታያለሽ። ሰልፈኛው ጥፋት የለበትም፤ አየሩ ነው። ስለዚህ ከበሮ ሲርቅብሽ ጆሮሽን ብቻ አትመኚ። ከፊት ሰው ካለሽ ተረከዙን በዓይንሽ ጫፍ ያዢ፣ አንገትሽን ሳታጎነብሺ። አንቺ ራስ ላይ ስትሆኚ ደግሞ ለኋላሽ ተረከዝ አንቺው ነሽ፤ አንድ ዓይነት ርገጪላቸው።

ይህ ሁሉ ድሮም የታወቀ ነገር ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዳይደስ፣ ስፓርታኖች እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 በማንቲኒያ ጦርነት በዋሽንት ዜማ ቀስ ብለው ሲገፉ እንደነበር ጽፏል። ምክንያቱንም ጽፎታል፤ ለአምልኮ አይደለም፣ እርምጃቸው እኩል ሆኖ ሰልፋቸው እንዳይፈርስ ነው።

—

ነርሷ፦

ስለ ተጠንቀቅ ማንም አላነሣም፣ እኔ ላንሣ። አዲስ_ሰልፈኛ፣ ችግር የለብኝም ብለሻል፤ ደስ ይላል። ግን ረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ ስትቆሚ ሌላ ነው።

ተጠንቀቅ ማለት ተረከዝ ተገጣጥሞ፣ ጣቶች ተከፍተው፣ ክንድ ወደ ታች ወርዶ አውራ ጣት በሱሪ ስፌት ላይ አርፎ፣ ዓይን ወደፊት ማለት ነው። ጉልበት ግን ወደ ኋላ ተገፍቶ መቆለፍ የለበትም። ቀጥ ይበል እንጂ ድርቅ አይበል። የባት ጡንቻ ስትንቀሳቀሺ ደምን ከእግር ወደ ላይ ይገፋል። ድርቅ ብለሽ ስትቆሚ ያ ጡንቻ ሥራ ይፈታል። ደም እግር ላይ ይከማቻል፣ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ያንሳል። ሙቀት፣ ባዶ ሆድና ውሃ ጥም ሲጨመርበት ሰው ይወድቃል።

ማንም ሳያይ የምትሠሪው ነገር አለ። ጫማ ውስጥ ጣቶችሽን ጨብጠሽ ፍቺ። የባትሽን ጡንቻ አጥብቀሽ ልቀቂ። ክብደትሽን በጣም በጥቂቱ ወደ ፊተኛው የእግርሽ ክፍል አምጪው። ከውጪ ሲታይ ተጠንቀቅሽ ያው ነው። ከሰልፍ በፊት ቁርስ ብዪ፣ ውሃ ጠጪ። ዓይንሽ ጭልም ካለ፣ ጆሮሽ ከጮኸ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበሽ አትታገዪ፤ ወዲያው ቁጢጥ በዪ። ቆሞ እንደ ግንድ የሚወድቅ ሰው ነው አገጩንና ጥርሱን የሚጎዳው። ከጎንሽ ሰው ከወደቀ ደግሞ ደግፋችሁ ልታቆሙት አትሞክሩ። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት።

አሳርፍ የተፈጠረው ለዚህም ጭምር ነው። ሲባል በእውነት አርፊ።

—

አዲስ_ሰልፈኛ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ጋሽ ሃምሳ አለቃ፣ የሃያ አራቱን ሰው ነገር በወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጌ ሠራሁት፤ ወዲያው ገባኝ። የአምስቱን ሰው ዙርም ለቡድኔ አሳያቸዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ድልድይ ላይ ስንደርስ «እርምጃ ፍቱ፣ እንደፈለጋችሁ ሂዱ» ተባልን። ይሄን ያህል የለፋንበትን እርምጃ ለምን? ሌላው፣ ዓምዱን ስመራ መስመሬ ቀስ በቀስ ወደ ግራ ይሄዳል። እንዴት ነው ቀጥ ብዬ የምሄደው?

—

ሃምሳ_አለቃ፦

እርምጃ መፍታትም ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው እህቴ። ሁሉም ቦታውንና ርቀቱን ይጠብቃል፣ እግር ማገጣጠም ግን ይቀራል። ከኋላው እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1831 በእንግሊዝ አገር ብሮተን በተባለ ቦታ 74 ወታደሮች አራት አራት ሆነው በተንጠለጠለ ድልድይ ላይ ሲያልፉ ነበር። ድልድዩ ከእርምጃቸው ጋር መወዛወዝ ጀመረ። ደስ አላቸውና እርምጃቸውን ከውዝዋዜው ጋር አስማምተው ረገጡ። ድልድዩ ወደቀ። አርባ ያህሉ ወንዝ ውስጥ ገቡ፤ የተጎዱ ነበሩ፣ የሞተ ግን አልነበረም። ሲመረመር አንዱ ማያያዣ ብሎን ከመጀመሪያውም ደካማ ሆኖ ተገኘ። እኩል እርምጃ ያንን ድካም ነው ያወጣው። የእንግሊዝ ጦር ከዚያ በኋላ ድልድይ ላይ እርምጃ እንዲፈታ አዘዘ።

እርምጃ መፍታት ብቻውን ግን ድልድይ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1850 በፈረንሳይ አንዤ ከተማ ወታደሮች እርምጃ ፍቱ ተብለው እያለፉ፣ በማዕበል ውስጥ ድልድዩ ተበጥሶ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የድልድዩ ገመድ ዝጎ ነበር፣ ነፋሱም ያወዛውዘው ነበር። ስለዚህ «ፍቱ» ሲባል ለማረፍ ብቻ እንዳይመስልሽ። ርቀትም ጠብቂ፣ አትጠጋጉ። ከድልድዩ ስትወርዱ አዛዡ ምቱን እንደገና ይቆጥራል፤ ግራ ሲል በግራ ግቢ፣ ያ ብቻ ነው።

ቀጥ ብሎ መሄዱ የልምምድ ጉዳይ ነው፣ ግን ዘዴ አለው። አንድ ነጥብ አይተሽ አትሂጂ። አንድ ነጥብ ብቻ ከያዝሽ መስመርሽ ጎብጦም ነጥቡ ላይ ትደርሻለሽ፤ ከኋላሽ ያለው ዓምድ ግን ጎብጧል። ከመነሣትሽ በፊት በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች ምረጪ። ቅርቡ ሜዳ ላይ ያለ ድንጋይ ወይም ምልክት ይሁን፣ ሩቁ ዛፍ ወይም የግድግዳ ማዕዘን። ስትሄጂ አንዱ ሌላውን እንደሸፈነ ይቆይ። ሩቁ ከቅርቡ በስተግራ ብቅ ካለ አንቺ ወደ ግራ ሄደሻል፤ በስተቀኝ ብቅ ካለ ወደ ቀኝ ሄደሻል። እርማቱ ቀስ ይበል፣ በአንድ እርምጃ አትመለሺ፤ ከኋላሽ ያሉት ሁሉ ይሰበራሉ። ቅርቡ ነጥብ ላይ ከመድረስሽ በፊት ደግሞ ከሩቁ ጋር በዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ ሦስተኛ ምረጪ።

ወደ ግራ የሚሄደው ብቻ ከሆነ ክንድሽንም እዪው። ቀኙን ከግራው አብልጠሽ የምትወረውሪ ከሆነ ትከሻሽ ይዞራል፣ እግርሽም ይከተለዋል። ጓደኛሽ ከኋላ ሆና ታይልሽ፣ ሜዳው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካለም ብቻሽን እሱን ይዘሽ ያለ ከበሮ ተመላለሺበት። ምን እንዳየች እዚሁ ጻፊልን።